አፉን የያዘ አይወፍርም? ማን አላችሁ?

ለአዘጋጁ፤

ስለ ውፍረት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ስኳር ቀንሱ፣ ዘይት ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ። እሺ፣ አልከራከርም። ግን «አፉን የያዘ ሰው አይወፍርም» የሚለውን ከየት አመጣችሁት? ከሐኪም እንዳልል፣ ጽሑፉ ውስጥ አንድም ሐኪም የለም። ያናገራችሁት የጂም ባለቤት ነው። ጡንቻው ያምራል፣ አልካድኩም።

ታናሽ እህቴ ኦላንዛፒን ትወስዳለች። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው። ድሮ «ኧረ ብይ እንጂ» እየተባለች የምትለመን ቀጭን ልጅ ነበረች። አሁን ምሳ በልታ ሳህኑ ሳይታጠብ «ምን አለ?» ትላለች። ሌሊት ተነስታ ደረቅ እንጀራ ያለ ወጥ፣ ቆማ ስትበላ አግኝቻታለሁ። ጣፍጧት እንዳይመስላችሁ። ርቧት ነው።

መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ሂስታሚንና ሴሮቶኒን የሚባሉ መልእክት አድራሽ ኬሚካሎች የሚሠሩባቸውን አንዳንድ ተቀባዮች ይዘጋል። የጥጋብ ስሜት ደግሞ በከፊል በእነሱ በኩል ነው የሚመጣው፤ እና ሆዷ ቢሞላም አንጎሏ ገና አልበላሁም ይላል። ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይደለም፣ ብዙዎችን ግን ያወፍራል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ቫልፕሮኤትም፣ የአስምና የአለርጂ መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ።

እንዲህ ያለ ርሃብ ያለ መድኃኒትም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ እነ ጄፍሪ ፍሪድማን ሌፕቲንን አገኙ፤ ከስብ ወጥቶ «በቂ ስንቅ አለ» ብሎ ለአንጎል የሚናገር ሆርሞን ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዝ አገር ይህ ሆርሞን የሌላቸው ሁለት ልጆች ተገኙ፤ ርሃባቸው በምንም አልበርድ ብሎ ከልክ በላይ ወፍረው ነበር። ለአንዷ ሌፕቲኑ በመርፌ ሲሰጣት ርሃቧም በረደ፣ ኪሎዋም ወረደ። አፏን ይዛ ነው እንግዲህ?

«እንቅስቃሴ አያደርጉም» ላላችሁት ደግሞ፣ ደሴ ውስጥ ዳገት ሳይወጡ የሚኖሩበት ሰፈር ካለ አሳዩኝና ዛሬውኑ ቤት ልከራይ። እህቴ ሰኞ ገበያ ደርሳ አስቤዛ ተሸክማ የምትመለሰው በእግሯ ነው። ከጀርባ ፎቶ ያነሳችኋት ሴትዮም ፒያሳ ላይ እየተራመደች ነበር፣ ተኝታ አይደለም። ፊቷ ስላልታየ አትታወቅም ብላችሁ ይሆናል። የሰፈሯ ሰው ግን በነጠላዋም ይለያታል!

ከሁሉም ያናደደኝ የመጣው በማግስቱ ነው። እህቴ ዘገባውን ስልኳ ላይ አንብባ «ክኒኑን ብተወውስ?» አለችኝ። ስትተወው ምን እንደሚመጣ እኛ ቤት ይታወቃል፣ አንድ ጊዜ አይተነዋል። ክትትል የምታደርግበት ቦታም ስለ ኪሎዋ ስንጠይቅ መልሱ «እራት ይቅርባት» ነበር፣ እናንተ ደግሞ ይኸው በፎቶ አስደግፋችሁ ደገማችሁት።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን አርሙት። በቀጣዩ የአእምሮ ሐኪም አናግሩና መድኃኒቱን በሌላ መቀየር ወይም ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት መጨመር ለማን እንደሚሆን ጠይቁልን። ክኒኑን በራስ ማቆም አደገኛ መሆኑንም ጻፉ፣ ከላይ፣ በትልቁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ