ደልቢ ያለው ድንጋይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

"ነዳጅ ተገኘ" የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ አንድ ገበሬ አሉ።

ሹፌር ነኝ። ከዓመታት በፊት የድንጋይ ከሰል የሚያጠኑ ባለሙያዎችን ይዤ ጅማ፣ ደልቢ ከርሜ ነበር። ከከሰሉ ጋር ተነባብሮ ጠቆር ያለ ቡናማ ድንጋይ ይወጣል። በጥፍር ሲነኩት እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። አንዱ ልጅ ስባሪውን በላይተር ለኩሶ አሳየን። ሽታው ልክ የላምባ ነው። ኦይል ሼል ይሉታል፤ ዘይት የሚወጣው ድንጋይ ማለት ነው።

ገበሬው ቆመው ሲያዩ ቆዩና ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ይሄ ከወጣ ቡናዬስ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ባለሙያዎቹን ጠየቅኩላቸው። "ገና ጥናት ላይ ነው" ተባልኩ። ናሙናው በሳጥን ተጭኖ ሄደ። እሳቸው ዘንድ ተመልሶ ያስረዳ ሰው ግን አልሰማሁም።

እዚያ ስከርም የገባኝ ይሄ ነው። ደልቢ ያለው ጉድጓድ ቆፍረው በፓምፕ የሚስቡት ነዳጅ አይደለም። ድንጋዩ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ አየር በሌለበት እስከ 500 ዲግሪ ድረስ ይጋላል። የሚወጣው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ዘይት ይሆናል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ችግሩ አተላው ነው። ኢስቶኒያ ከዚህ ድንጋይ ለብዙ ዓመታት መብራት ስታመነጭ ኖራለች፤ አመዱ ተራራ ሆኖ ቆሟል። የእኛስ አመድ የት ይደፋል? ኢሉ አባቦር ውስጥ ያዩ በሚባለው ወረዳም ይሄው ድንጋይ አለ፤ እዚያ ያለው የዱር ቡና ደን ደግሞ ዩኔስኮ የመዘገበው ነው።

አትንኩት አላልኩም። ናፍጣ ፍለጋ ማደያ በር ላይ ያደርኩ ሰው ነኝ። ሰኔ 2010 ኦጋዴን፣ ሂላላ ላይ በቀን 450 በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ሊወጣ ነው ሲባል እኔም ከሰፈሬ ሰው ጋር ጨፍሬያለሁ። ዛሬም የምቀዳው ከጅቡቲ በቦቴ የመጣውን ነው። እዚያው ኦጋዴን፣ ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘ እንኳ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፎታል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ዜና ስትጽፉ ድፍድፍ ይሁን ጋዝ ወይስ ድንጋይ ለይታችሁ ንገሩን። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የማን ማሳ እንደሚነሳ ጠይቁልን። የደልቢው ጥናት ውጤትም በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ እዚያው ቀበሌው ላይ ይለጠፍ። ገበሬው በሕይወት ካሉ ያስነብቧቸው፤ ካለፉም ቡናውን የያዙት ልጆቻቸው ያንብቡት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ