ለጥቁር ልጃገረዶች ፕሮግራም ሲዘጋጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በአሜሪካ ለጥቁር ልጃገረዶች የሚዘጋጁ የአመራርና የጤንነት ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ጎበዝ ተማሪዎችን ነው። በትምህርት ቤት ተደጋግማ የምትቀጣዋ አትጠራም፤ ይህ ያሳዝነናል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የጆርጅታውን የሕግ ትምህርት ቤት ጥናት እንዳሳየው፣ አዋቂዎች ጥቁር ልጃገረዶችን፣ በተለይ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉትን፣ ከነጭ እኩዮቻቸው ይልቅ እንደ ትልቅ ሰው ያዩአቸዋል፤ እንክብካቤም ብዙ አያሻቸውም ብለው ያስባሉ።

በአንድ ቡድን ከ8 እስከ 12 ልጆች ይበቃሉ፤ ከበዙ ዝምተኞቹ ይዋጣሉ። አስተባባሪዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዷ ውይይቱን ስትመራ ሌላዋ ከፍቷት የወጣችውን ልጅ ተከትላ ታነጋግራለች። የምስጢር ገደብ በመጀመሪያው ቀን ይነገር። ጉዳት እየደረሰባት ከሆነ አስተባባሪዋ ለሚመለከተው ማሳወቅ እንዳለባት ያልሰማች ልጅ፣ በኋላ እንደ ክህደት ትቆጥረዋለች። በአሜሪካ በአእምሮ ጭንቀት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ጊዜ የሚደወልበትን የቀውስ ጊዜ መስመር 988ን ሁሉም በስልካቸው ይመዝግቡ።

አመራር የሚለመደው በእውነተኛ ውሳኔ ነው፤ የመክሰሱን ገንዘብ እንኳ ልጆቹ ራሳቸው ይደልድሉት፣ ደረሰኙንም ይያዙ። መጓጓዣ ካልታሰበበት፣ ታናናሾቻቸውን የሚጠብቁት ቀድመው ይቀራሉ። ለጋሾችም ለ6 ሳምንት ሰጥተው ከሚያቋርጡ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ይሸፍኑ።