ጎጃም «መተላለፊያ ብቻ» አልነበረም

ውድ አዘጋጅ፣

የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለባርነት ታሪክ ጥናት ስለመደቡት ገንዘብ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። የሃርቫርዱ ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 100 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። የስኮትላንዱ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲም ልክ ነው። ወደ አገራችን ስትመጡ ግን ሁሉንም በአንድ አንቀጽ ጨረሳችሁት። እዚያች አንቀጽ ውስጥ «ጎጃም የባሪያ ነጋዴዎች መተላለፊያ ብቻ ነበር» የምትል አረፍተ ነገር አለች። እሷን ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ።

እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። የአያቴ እናት ዘጌ የመጣችው ተሸጣ ነው። የትም አልተላለፈችም። እዚያው ቡና ስትለቅም ኖራ፣ እዚያው ወልዳ፣ እዚያው ሞተች።

ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግራችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ከተሳለማችሁ ደኑን አይታችሁታል። ያ ደን የቡና ደን ነው። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሬቱ አይታረስም፣ ከብት አይገባበትም ይባላል። በሬ የማይገባበት አገር ደግሞ ሥራው ሁሉ የሰው እጅ ነው፤ ማረሙ፣ መልቀሙ፣ ማስጣቱ፣ ተሸክሞ ታንኳ ድረስ ማውረዱ። ከመቶ ዓመት በፊት ያንን ሥራ ከሚሠሩት ውስጥ በገንዘብ የተገዙ ሰዎች ነበሩ። ይህን ከአያቴ አፍ ብቻ አይደለም የሰማሁት። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ ስለ ዘጌ ቡና ባለቤቶችና ስለ ባሮቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ጥናት አሳትመዋል። በ1999 ደግሞ ስለ ቤላ ሻንጉልና ስለ ጉሙዝ የባሪያ ንግድ ጽፈዋል። ሁለቱም የታወቁ የታሪክ መጽሔቶች ላይ የወጡ ናቸው። ዘጋቢያችሁ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ያገኛቸው ነበር።

እሺ፣ መተላለፊያ ነበር እንበል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእናርያና ከጅማ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ የሚያርፈው ባሶ ገበያ ነበር፣ ዛሬ የጁቤ በምንለው አካባቢ። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ቡናውና ሰው እዚያ ይሸጥ ነበር። ነጋዴው በጎጃም በኩል በነጻ አላለፈም። ቀረጥ ከፍሏል። ቀረጡን የበሉት የጎጃም ገዢዎች ናቸው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የተዋጉት ያንን የደቡብ ምዕራብ ሀብት ማን ይያዘው በሚል ነው። ለመተላለፊያ ብቻ ያን ያህል ሰው አያልቅም።

መተከልንም ዘላችሁታል። መተከል በደርግ ዘመንም የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ነበር። ከደጋው የሚወርዱ ሹማምንትና ዘማቾች የጉሙዝን መንደር እየከበቡ ሰው ሲማርኩ ኖረዋል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ሲወጣ፣ ይህ ሥራ አልቆመም። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለዱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። እናንተ የጻፋችሁት ግን ድሮ ሞቶ የተቀበረ ነገር አስመስላችሁ ነው።

ይህን ያህል የተናደድኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ያቺን አረፍተ ነገር ከእናንተ በፊት ሰምቻታለሁ። የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጥሪ ባወጣ ጊዜ በዘጌና በአካባቢው ያሉ የባሪያ ተወላጅ ቤተሰቦችን የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ ፕሮፖዛል አስገባሁ። የጠየቅሁት ገንዘብ ለድምፅ መቅረጫ፣ ለጀልባና ለውሎ አበል ነበር። ለአንድ ዓመታዊ ጉባኤ ባነርና ሻይ ቡና ከሚወጣው አይበልጥም። ገምጋሚዎቹ መጀመሪያ «ከምርምር ጭብጦቻችን ውስጥ አይገባም» አሉኝ። ማኅበራዊ ፍትሕ የሚለው ጭብጥ ውስጥ ይገባል ብዬ በገጹ አሳየኋቸው። ከዚያ አንዱ መነጽሩን አውልቆ «ወንድሜ፣ ጎጃም እኮ መተላለፊያ ነው የነበረው» አለኝ። ሌላው «ግጭት ይቀሰቅሳል» ብሎ ወረቀቴን ዘጋው። በቃ፣ አለቀ። አሁን እነዚህ ሰዎች የእናንተን ዘገባ በእጃቸው ይዘዋል። የሚቀጥለውን ወጣት ተመራማሪ በእሱ ነው የሚመልሱት።

ግጭት ይቀሰቅሳል የሚለውን በደንብ አስቤበታለሁ፤ በጥላቻ ያሉት ነው ብዬም አላምንም። ዛሬ በክልላችን ካለው ችግር አንጻር ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን እኛ ዝም ስላልን የተረሳ ነገር አለ ወይ? ታናሽ ወንድሜ ሽማግሌ ልኮ ነበር። የልጅቷ ቤተሰቦች ስለ ሥራውም ስለ ጠባዩም አልጠየቁም። ዘር ቆጠሩ። እናቷ «ጨዋ አይደሉም» ብላ መለሰቻቸው፣ ሽማግሌዎቹም እያፈሩ መጥተው ነገሩን። ለዚህች ሴት ማንም ጥናት አላቀረበላትም። የማን ቤት ከየት እንደመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያላወቀው ዩኒቨርሲቲው ብቻ ነው። የዘጌን ሰው ለማሳጣትም አይደለም ይህን የምጽፈው፤ በዚያ ደን ያደግሁ፣ በሐዘንም በደስታም ከነሱ ያልተለየሁ ሰው ነኝ።

ዘገባችሁ የገንዘቡን መጠን እየደጋገመ ዋናውን ነገር ሳተ። ግላስጎው ባርነትን የተቃወሙ መምህራን ነበሩኝ ብሎ የሚኮራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሆኖም የራሱን መዝገብ ከፍቶ ከባርነት ትርፍ የመጣ ስጦታ መቀበሉን አረጋገጠና እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ አደረገ። ከዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ20 ዓመት ውስጥ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ለማዋል የተስማማው ከዚያ በኋላ በ2019 ነው። የአሜሪካው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1838 ዩኒቨርሲቲውን ይመሩ የነበሩት የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ካህናት) 272 ሰዎች ሸጠው ከገንዘቡ የዩኒቨርሲቲውን ዕዳ ከፍለውበታል። የተሸጡት ሰዎች ስም ዝርዝር በመዝገብ ስለተቀመጠ ዛሬ ተወላጆቻቸው ተፈልገው ተገኝተዋል። ሁሉም የጀመሩት ከራሳቸው ቤት ነው። እናንተ ግን የኛ ዩኒቨርሲቲዎች «ከዚህ ዓለም አቀፍ ገንዘብ ተቋዳሽ ይሁኑ» ብላችሁ ጨረሳችሁ። የራሳችንን ቤት ሳንከፍት የሰው ገንዘብ ምን ይሠራልናል?

እኛ ዘንድ የስም ዝርዝር የለም፤ ቢኖርም በየገዳሙ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ተበታትኖ ነው፣ እሱንም የሚያነብ ባለሙያ ያስፈልጋል። ያለን የሽማግሌዎች ትዝታ ነው፣ እሱም እያለቀ ነው። አያቴ እናቷ ቡና ስትለቅም በሌላ ቋንቋ ታንጎራጉር እንደነበር ታስታውሳለች። የዜማውን ግማሽ ዛሬም ትለዋለች፣ ቃሉ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ጉሙዝኛ ይሁን ሺናሽኛ፣ ኦሮምኛ ይሁን ከፍኛ፣ እኔም አልለየሁትም። ቀድቶ ለቋንቋ ባለሙያ ማሰማት ስንት ብር ይፈጃል? እሷ ካለፈች በኋላ ግን 100 ሚሊዮን ዶላር ቢመጣም አይመልሰውም።

ዘጋቢያችሁ ባሕር ዳር ቢመጣ እኔ ራሴ አሻግረዋለሁ። በጠዋት ይምጣ፤ አያቴን ከሰዓት በኋላ ይደክማታል። እርማቱ ግን እስከዚያ አይቆይ። ባሶን፣ ዘጌንና መተከልን በስማቸው ጠርታችሁ፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በሚቀጥለው እትም አውጡት።

ከአክብሮት ጋር
የዘጌ ተወላጅ፣ ከባሕር ዳር