እሳቱን በአሸዋ አትቅበረው

ይድረስ ለልጄ፤

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከጥምቀት በኋላ ከጓደኞችህ ጋር ላንጋኖ ድንኳን ተክላችሁ ልታድሩ እንደሆነ እህትህ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። የውሃ ዋናውን ነገር ለአባትህ ትቼዋለሁ። ስለ እሳቱ ግን ዝም ልል አልቻልኩም። አንተ ያደግከው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። የምታውቀው ትልቅ እሳት ደመራ ብቻ ነው። ደመራ ተለኩሶ፣ ተጨፍሮበት፣ የወደቀበት አቅጣጫ ታይቶ ወደ ቤት ይገባል። አጠገቡ የሚታደርበት እሳት ሌላ ነው።

እንጨቱን ከዚሁ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ። የባህር ዛፍ ፍልጥ አይጠፋም። እዚያ የቆመ ግራር እንዳትነኩ። ጎረቤቱ አቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ እንኳ ግራሩ ለከሰል እየተቆረጠ ተመናምኗል። እርጥብ እንጨት ደግሞ ትርፉ ጭስ ነው። ባህር ዛፍ ቶሎ ይነዳል፤ ፍሙ ግን እንደ ወይራ አይቆይም። ስለዚህ ካሰባችሁት ጨመር አድርጉ።

ከዛፍ ሥር አታንድዱ። ደረቁን ሣር ጠርጋችሁ አሸዋውን ጎድጎድ አድርጉት። ድንኳኑ አምስት ሜትር ያህል ይራቅ፤ ነፋሱ ብልጭታውን ወደ እሱ እንዳይወስድ አይታችሁ ትከሉት። ናይለን በአንዲት ብልጭታ ይበሳል። ለጉልቻ ከሐይቁ ውስጥ ድንጋይ አታውጡ። የጠጣው ውሃ በሙቀት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችላል።

ወንዶች ስትሰበሰቡ የምታደርጉትን አውቃለሁ። ግንድ ትከምሩና ቤንዚን ታርከፈክፋላችሁ። ቤንዚን አይነካ! የሚቀጣጠለው ትነቱ ነው። ክብሪቱን ገና ሳትጥለው እሳቱ እጅህ ላይ ነው። ጭራሮ አስቀድሙ። እሱ ሲይዝ አውራ ጣት የሚያህል፣ ከዚያ ፍልጥ። አየር እንዲገባ ከሥሩ ክፍት ይሁን። ሲጨስባችሁ እንጨት አትጨምሩ፤ ታፍኗል ማለት ነው። አንዱን ፍልጥ አንሱና ዝቅ ብላችሁ እፍ በሉበት። ሥጋውን በነበልባል እንዳታሳርሩት። ትንሽ ታግሳችሁ በፍሙ ጥበሱ። ድንቹን ከነልጣጩ ረመጥ ውስጥ ቅበሩት፤ ከሥጋው ይልቅ እሱን ትሻሙበታላችሁ።

ሌሊት ብርድ ቢሆን ፍም በምንም ነገር ይዛችሁ ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን በየዓመቱ እንሰማለን። የሚገድለው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ዚፑን ትንሽ ከፈት አድርገነዋል ማለትም አያድንም። ብርድ ልብስ ደርቡ።

አሁን ደብዳቤውን ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ሊተኛ ሲል እሳቱ ላይ አሸዋ ይመልስበትና አጠፋሁት ይላል። አያትህ ማታ ማታ ፍሙን አመድ ውስጥ ታዳፍነው ነበር። ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርገው ቀይ ሆኖ ይጠብቃታል፤ ክብሪት አትጨርስም። አሸዋም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ፍሙን ከነሙቀቱ ያቆይላችኋል። ከላይ ሲታይ ግን እንደማንኛውም አሸዋ ነው። ጠዋት እዚያ ዳርቻ ላይ የሌላ ሰው ልጆች በባዶ እግራቸው ይሯሯጣሉ። እናንተም ወደ ውሃው ስትሮጡ ጫማ አታደርጉም።

ስለዚህ ልትተኙ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀራችሁ እንጨት መጨመር አቁሙ። ፍሙን በትኑት። ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ ደግሞ አፍስሱበት። እንፋሎቱ ፊት ስለሚያቃጥል ከላዩ አትጎንበሱ። ሽሽ የሚለው ድምፅ ሲቆም የእጅህን ጀርባ ቀስ ብለህ አስጠጋ። ከሞቀህ አልጠፋም፤ ውሃ ጨምር። ሰካራም ጓደኛ ካለ ይህን ሥራ ለእሱ አትስጡት።

ባልዲ ከዚህ መውሰድ ትችላለህ። ሰማያዊውን ግን እንዳትነካው፣ የሊጥ ነው።

እናትህ