ምክሩ ለአለቃውም ይድረስ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ሥራ ቦታ ጭንቀት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። በደንብ ተኙ፣ ስፖርት ሥሩ፣ በረጅሙ ተንፍሱ ይላል። ምክሩ አይከፋም። ግን ሁሉም ለሠራተኛው ነው፤ ስለ አለቃው አንዲት መስመር እንኳ የለችም።

ሰው የሚያማርረው በሥራ ብዛት ብቻ አይደለም። አርብ ማታ ከአለቃ አጭር መልእክት ትመጣለች፦ «ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ና።» ለምን እንደሆነ አትልም። በቃ፣ ቅዳሜና እሁድ ተበላሸ። ምን አጥፍቼ ይሆን? ሊያባርረኝ ነው? ሴት ልጁ ስታወራው ሠራተኛው አይሰማትም። ሰኞ ሲገባ ጉዳዩ አንድ ሪፖርት ላይ መፈረም ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። አለቃው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። «ስለ ሪፖርቱ ነው» ብሎ መጨመር ግን ትዝ አላለውም።

ነገሩ ከስሜት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተጀመረው የኋይትሆል ጥናት ይህን ያሳያል። በዝቅተኛው እርከን ላይ የነበሩት ወንዶች በልብ ሕመም የሚሞቱት ከከፍተኛዎቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ማጨስና የደም ግፊት ልዩነቱን በከፊል ብቻ ነው ያስረዱት። እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው ሁለተኛው ዙር ደግሞ ከ10 ሺህ በላይ ወንዶችንና ሴቶችን ተከታተለ። በገዛ ሥራቸው ላይ የመወሰን ዕድል ያልነበራቸው ሰዎች ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ታዲያ ያንን ዕድል የሚሰጠውም የሚነፍገውም፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ የቅርብ አለቃ አይደለም?

እርግጥ አለቃውም ከላዩ አለቃ አለበት። ደግሞ ብዙዎቹ ኃላፊ የሚሆኑት ሥራውን ስለሚችሉ ነው። ጎበዝ ሒሳብ ሠራተኛ ይሾምና በማግስቱ ስምንት ሰው ይመራል። ስህተትን ሰው ፊት ሳያዋርዱ እንዴት እንደሚነግሩ ማንም አላሳየውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ኃላፊዎች የሠራተኞቻቸውን የአእምሮ ጤና መደገፍ እንዲችሉ ሥልጠና ይሰጣቸው ብሏል። ብዙ መሥሪያ ቤት ግን ለሠራተኛው የዮጋ ክፍለ ጊዜ ማዘጋጀት ይቀለዋል። (ዮጋውን የሚመራው አለቃው ራሱ ካልሆነ ጥሩ ነው።)

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ለአለቆች ጻፉ። ሰው ስትጠሩ ምክንያቱን ንገሩ፣ ስትቆጡ ለብቻው አድርጉት፣ ሐሳብ ጠይቃችሁ መልሱን ሳትሰሙ አትወስኑ በሏቸው። ቦታ ከተረፋችሁ ስለ አርብ ማታዋ መልእክትም ጨምሩበት።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ