የከፈልነውን ታክስ ፎርማችሁ ለምን ይረሳዋል?

ይድረስ ለአሜሪካ ግምጃ ቤትና ለታክስ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ ኃላፊዎች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአማርኛ የምጽፍላችሁ እንግሊዝኛው አቅቶኝ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ገንዘባቸው ሳይታወቃቸው የሚፈስባቸው የሲያትል ዘመዶቼና ወዳጆቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው። እናንተ አስተርጓሚ አታጡም።

ነገሩ ወዲህ ነው። የምሠራበት ድርጅት ከደመወዝ ሌላ ሼር ይሰጠናል፤ አርኤስዩ የምንለው። ሼሩ እንደተሰጠ የእኔ አይሆንም። ስሠራ ቆይቼ ቀኑ ሲደርስ፣ ማለትም ቬስት ሲያደርግ ነው እጄ የሚገባው። የዚያን ቀን ዋጋው ልክ እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። የገቢ ታክስ ይቆረጥበታል፣ ሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ ይወስዳል፣ የአረጋውያን ሕክምና መድን የሆነው ሜዲኬር 1.45 በመቶ ይወስዳል። በዓመቱ መጨረሻ አሠሪዬ በሚሰጠኝ የደመወዝ ፎርም፣ ደብሊው-ቱ በሚባለው ላይ ከደመወዜ ጋር ተደምሮ ይመጣል። እስከዚህ ቅሬታ የለኝም። ሠርቼ ያገኘሁት ነው፣ ይቆረጥ። የሶሻል ሴኩሪቲውማ ለጡረታዬ ስለሚቆጠርልኝ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

ችግሩ ሼሩን ስሸጥ ይመጣል። በቀላል ቁጥር ላስረዳ። 100 ሼር እያንዳንዱ 50 ዶላር ሲያወጣ እጄ ገባ እንበል። 5,000 ዶላር ደብሊው-ቱዬ ላይ ገብቷል፣ ታክሱም ተከፍሏል። ከወር በኋላ በ5,200 ሸጥኩት። ትርፌ 200 ዶላር ነው፣ ታክስ ያለብኝም በ200 ዶላሩ ብቻ ነው። ሼሩን ከሚሸጥልኝ ድርጅት፣ ከብሮከሩ የሚመጣው 1099-ቢ የሚባል የሽያጭ ፎርም ግን የተሸጠበትን 5,200 በደማቁ ይጽፍና ሼሩ በስንት እጄ እንደገባ የሚያሳየውን ሳጥን፣ ኮስት ቤሲስ የሚባለውን፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ይተወዋል ወይም ዜሮ ያደርገዋል። እንግዲህ የማያውቅ ሰው ያየውን እንዳለ ሲሞላ 5,200 ዶላር ሙሉው ትርፍ ሆኖ ቁጭ! በ22 በመቶ የታክስ እርከን ላይ ላለ ሰው በ5,000ው ላይ ብቻ 1,100 ዶላር ነው፤ አንዴ በተከፈለ ገንዘብ ላይ እንደገና።

ያ የማያውቅ ሰው እኔ ነበርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ። ታክሴን ማታ ማታ ልጆች ካስተኛሁ በኋላ በኮምፒውተር ራሴ ነበር የምሞላው። ፎርሙ ላይ ያለውን ቁጥር ነው የገለበጥኩት፤ መንግሥት ያዘዘው ፎርም ይሳሳታል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው፤ ቡና ላይ አንድ ጓደኛዬ «አንተ ሼር ስትሸጥ እንዴት ነው የምትሞላው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስነግረው ሲኒውን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየኝ።

እህቴም አላመለጠችም። የእሷ መሥሪያ ቤት ሼር በቅናሽ ይሸጥላቸዋል፤ ሕጉ እስከ 15 በመቶ ይፈቅዳል። 100 ዶላር የሚያወጣውን በ85 ገዝታ ወዲያው ብትሸጠው 15ቱ ዶላር እንደ ደመወዝ ደብሊው-ቱዋ ላይ ይገባል። (ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ግን አይቆረጥበትም። ኮንግረስ በ2004 በሕግ ነጻ አድርጎታል። ከእኔው ሼር ጋር ሲተያይ ለምን እንዲህ እንደሚለያይ አላውቅም፣ ይሁን።) 1099-ቢው ግን በ85 ገዛች ብሎ ብቻ ይጽፋል። ያቺው 15 ዶላር ሁለቴ ትታያለች።

ጉድ በል ሲያትል የሚያሰኘው ደግሞ ይህ የብሮከሮች ስንፍና አለመሆኑ ነው። የእናንተ ደንብ ነው! ሠራተኛ ከ2014 ወዲህ በተሰጠው የመግዛት መብት ለገዛው ሼር፣ እንደ እህቴ ላለው፣ ብሮከሩ ደብሊው-ቱ ላይ የገባውን ደመወዝ በኮስት ቤሲሱ ላይ እንዳይደምር ከልክላችሁታል። ቢያውቀው እንኳ አይጽፈውም። ትክክለኛውን ቁጥር ተጨማሪ መረጃ በሚል ሌላ ወረቀት ላይ ያደርገዋል፤ እሱ ወረቀት ለእናንተ አይላክም፣ እኛም ከማስታወቂያ ለይተን አናየውም።

ያኔ ያቀረባችሁት ምክንያት ብሮከሮች የአሠሪውን የደመወዝ መረጃ በቀላሉ አያገኙም የሚል ነበር። ይገባኛል። ግን የመሥሪያ ቤቴን ሼር የሚያስተዳድረውም፣ የሚሸጥልኝም ያው አንድ ብሮከር ነው፤ ቬስት ያደረገበትን ቀንና ዋጋ ስልኬ ላይ ያሳየኛል። የእህቴንማ መሥሪያ ቤቷ በፎርም 3922 የገበያውንም የከፈለችውንም ዋጋ ለእናንተው ይልካል። መረጃው እጃችሁ ላይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ክልከላውን አንሱና የሚያውቅ ብሮከር ትክክለኛውን ይጻፍ። አርኤስዩንም ደብሊው-ቱ ላይ የራሱ ኮድ ስጡት፤ ለሌላው ዓይነት የሼር መብት እኮ ሳጥን 12 ላይ ኮድ ቪ አለ። አሁን አንዳንዱ አሠሪ ሳጥን 14 ላይ በፈቃዱ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይጽፈውም።

ቬስት ሲያደርግ 22 በመቶ ብቻ ተቆርጦ ሚያዝያ ላይ ስለሚመጣው ዕዳ ሌላ ቀን እጽፍላችኋለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ነው።

አበሾች፣ ለእናንተ ደግሞ። ሼር ሸጣችሁ ከሆነ የድሮ ፎርሞቻችሁን ዛሬ ማታ አውጡ። 1099-ቢው ላይ ኮስት ቤሲሱ ለአይአርኤስ አልተላከም የሚል ከሆነ ሽያጩ በሚዘረዘርበት ፎርም 8949 ላይ ትክክለኛውን ዋጋ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። የተሳሳተው ተልኮ ከሆነ ኮድ ቢ ጽፋችሁ ማስተካከያውን ከጎኑ ታስገባላችሁ። ላለፈው በማረሚያው ፎርም በ1040-ኤክስ ማስመለስ ይቻላል፤ በአብዛኛው ፋይል ካደረጋችሁበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት አላችሁ። እኔ የሁለቱን ዓመት አስመልሻለሁ። የመጀመሪያው ዓመት በ19 ቀን አመለጠኝ።

አክባሪያችሁ፣
ከሲያትል፣ ታክሱን ሁለቴ የከፈለ ሠራተኛ