ገጠሩን ማን ጠየቀው?

ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለወንድሜ ለኪሮስ፣

እንደምን ከረምክ እንዳልልህ አራት ዓመት ክረምት አይደለም። ስልክ ቁጥርህ አልጠፋኝም። ሦስት አራት ጊዜ አውጥቼ አይቼ መልሼ ዘግቼዋለሁ። አንስተህ ዝም ብትለኝ ምን እንደምል ስላላወቅሁ በወረቀት መጣሁ፤ ወረቀት ቢያንስ ጆሮህ ላይ አይዘጋም። አድራሻህን ያገኘሁት በድሮው የገና ካርድህ ፖስታ ላይ ነው። ቤት ቀይረህ ከሆነ ደብዳቤው ይመለስልኛል፣ ያን ጊዜ ሌላ መላ እፈልጋለሁ።

ዛሬ ምን ታየህ ትለኝ ይሆናል። ምርጫው ነዋ! እኔንና አንተን የሚያገናኘንም የሚያጣላንም ምርጫ አይደል?

ጥቅምት 26 ማታ ስካይላይን አጠገብ ያለችው ካፌ ተሰብስበን ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው። ጠረጴዛዋን ታውቃታለህ። በ2016 (የአሜሪካውን ነገር በፈረንጅ ልቁጠርልህ፣ በእኛ ከቆጠርኩት እኔም እጠፋለሁ) እዚያ ጠረጴዛ ላይ ትራምፕን የሚመርጥ አልነበረም፤ ቢኖርም ትንፍሽ አይልም። ዘንድሮ ለሁለት ተከፍለናል። አንዱ የእንቁላልና የቤት ኪራይ ዋጋ ይቆጥራል፣ አንዱ የሃይማኖቱን ነገር ያነሳል፣ አንዱ ደግሞ ባይደን አገራችንን ከአጎዋ (ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) እንደሚያስወጣ የተሰማበትን ቀን እስከ ዛሬ ቂም ይዞበታል። እውነትም ቀኑ አይረሳም፤ በ2021 ቨርጂኒያ ገዥዋን በምትመርጥበት ዕለት ነበር፣ ያን ዓመት ስንቱ አበሻ ዴሞክራቶቹን ትቶ ለሪፐብሊካኑ ለያንግኪን ሰጠ። በዚያኛው ወገን ያሉት ደግሞ ዲቪው ይዘጋል፣ ወረቀት የሌለው ዘመዳችን ይባረራል ብለው እንቅልፍ አጥተዋል።

ጭቅጭቁ ሲበዛ ሶፍት አንስቼ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ፦ ማንን መረጥክ? ማን ያሸንፋል? ዙሪያውን አስሞላሁ። ከአሥራ አንዱ አሥሩ የመረጡትን ስም ያንኑ ያሸንፋል ብለው ጻፉ። እኔም ከአሥሩ አንዱ ነኝ። አሥራ አንደኛዋ ዲሲ መሀል ፓርኪንግ የምትሠራ ልጅ ናት። «እኔ ካማላን ነው የመረጥኩት፤ የሚያሸንፈው ግን እሱ ነው» አለች። ለምን ስንላት፣ መኪናቸውን የሚያቆሙት ሰዎች ቀኑን ሙሉ በስልክ ሲያወሩ እንደምትሰማ ነገረችን። ስለ ምርጫ አያወሩም፤ ስለ ኑሮ ነው የሚያማርሩት። ካማላን የመረጥነው ሁሉ ጮህንባት። «ሟርተኛ!» አላት አንዱ።

ይህን ቃል ስሰማ አንተ ትዝ አልከኝ። በ2016 እኔ ራሴ ያልኩህ ነው።

እኛ ሰዎች በዚህ ነገር የተረገምን ይመስለኛል። ፈረንጅ ክፉ ሲገምት ግምት ነው፤ እኛ ዘንድ ክፉ መገመት ሟርት ነው። «በአፍህ አያድርገው» እንላለን፣ ነገሩን የሚያመጣው አፍ ይመስል። ይሸነፋል ያልክበት ሰው ጠላው ተብለህ ትያዛለህ። እንዲህ ሆነን ማን እውነቱን ይነግረናል?

በነጋታው ሰባቱም ወላዋይ የተባሉ ግዛቶች ወደ እሱ እንደዘመሙ ታየ፣ መጨረሻው በውክልና ድምፅ 312 ለ226 ሆነ። ያንተዋ ኔቫዳ እንኳ ከ2004 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሪፐብሊካን ሰጠች። አዮዋ ውስጥ ለዓመታት የምርጫ ቅኝቷ (መራጩን አስቀድማ የምትጠይቅበት) የሚከበርላት አን ሴልዘር ካማላ በ3 ነጥብ ትመራለች ብላ ነበር፤ ሰውየው በ13 ወሰደው።

ቆይቶ ስለ አንድ ፈረንሳዊ አነበብኩ። ትራምፕ ያሸንፋል ብሎ ብዙ ሚሊዮን ዶላር አስይዞ ከ80 ሚሊዮን በላይ እንዳተረፈ ይጻፋል። ዘዴው ምን መሰለህ? በራሱ ገንዘብ ቅኝት አሠራ፤ ሰውን ግን «ማንን ትመርጣለህ?» ብሎ አላስጠየቀም። ያስጠየቀው «ጎረቤትህ ማንን የሚመርጥ ይመስልሃል?» ብሎ ነው። ቡናዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ይሄማ የኪሮስ ነው! ኪሮስ ከስንት ዓመት በፊት በነፃ የነገረኝ!

ያን ጊዜ፣ በ2016፣ ከኦሃዮ፣ ከሚሺጋን፣ ከዊስኮንሲን ለስብሰባም ለቁማርም ቬጋስ የሚመጣውን ሰው በታክሲህ ከኤርፖርት እስከ ስትሪፕ፣ እስከ ቁማር ቤቶቹ ጎዳና ድረስ ታመላልስ ነበር። ማንን ትመርጣለህ ብለህ ጠይቀህ አታውቅም፤ ጉርሻ ይቀራል ትላለህ። «በእናንተ ሰፈር ሰው ምን ይላል?» ነበር ጥያቄህ። ስለ ራሱ የማይነግርህ ሰው ስለ ጎረቤቱ ሲጠየቅ አፉ አያርፍም። አንዱን ስለ ራሱ ብትጠይቀው አንድ ድምፅ ታገኛለህ፤ ስለ ሰፈሩ ስትጠይቀው ግን የአማቹን፣ የአለቃውን፣ የፀጉር አስተካካዩን ጨምሮ ያመጣልሃል። የራሱንም በጎረቤቱ ስም አሳብቦ ይነግርሃል። በዚያው በመስከረም መጨረሻ ደውለህ «ተሾመ፣ ሰውየው ያሸንፋል» አልከኝ። ዜጋ ሆነን ፕሬዚዳንት ስንመርጥ የመጀመሪያችን ነበር፣ አንተ ደግሞ ደስታዬን ልታበላሽ የተነሳህ መሰለኝ።

ኒውዮርክ ታይምስ ለሂላሪ ከመቶ 85 የማሸነፍ ዕድል ሰጥቷል ብዬ ተከራከርኩህ። ሀፊንግተን ፖስት 98 ብሏል። አንድ የፕሪንስተን ፕሮፌሰርማ 99 ብሎ፣ ትራምፕ ከ240 በላይ የውክልና ድምፅ ካገኘ ነፍሳት እበላለሁ ብሎ ምሎ ነበር፤ በኋላ በሲኤንኤን ቀርቦ ፌንጣ የምትመስለዋን በማር አድርጎ በላት። እኔና አንተ የተወራረድነው በክትፎ ነው፤ ከፌንጣው ይሻላል። (በነገራችን ላይ በቡጢውም በፈረሱም በሚቆመርባት ኔቫዳ በምርጫ መቆመር ክልክል ነው አሉ። ክትፎህን ያልከፈልኩህ ሕግ አክብሬ ነው።)

አሁን ሳስበው የተሳሳትኩት ቁጥሩን በማንበብ ነው። ከመቶ 85 ማለት ከሰባት አንዱን ጊዜ ይስታል ማለት ነው። እኔ ግን እንደ ፈተና ውጤት አነበብኩት፤ 85 ያመጣ ተማሪ አልፏል፣ አበቃ። ሦስቱ ግዛቶች፣ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬንያ፣ ተደምረው በ78 ሺህ ገደማ ድምፅ ልዩነት ነው ያለቁት፤ የመረጠው ሕዝብ ከ136 ሚሊዮን በላይ ነው። እኔ ደግሞ ጎረቤቴ ማን ነበር? ዲሲ። እዚያ ትራምፕ ከመቶ 4 ነው ያገኘው። ጎረቤቴን ብጠይቅስ ምን ይጠቅመኝ ነበር?

ደግሞ ከዚያ በፊት መማር ነበረብኝ። 1997ን አስታውስ። ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላው፤ በማግስቱ ቅንጅት ጠራና አደባባዩ ጠበበን። ሁለት ጣታችንን ቀስረን ከዚያ ወደ ጉለሌ በእግራችን ስንመለስ አገሩ በሙሉ ያለቀለት መስሎን ነበር። እናትህ ቤት ገባን። አደይ ጥሕሎ ሠርተው ቁጭ ብለዋል። በእንጨቷ ሹካ እየወጋን እየነከርን፣ አፋችን ሞልቶ ድሉን ስናበስር ሰምተው ሰምተው፦

«ገጠሩን ማን ጠየቀው?» አሉ።

ሳቅንባቸው። እኔማ በልቤ ለእነዚያ አድልተው ነው ብያለሁ፤ አንተም ሳታስብ አትቀርም። ግንቦት 7 ጎህ ሳይቀድ ተሰልፈን አመሻሽ ላይ ድምፅ ሰጥተን ወጣን። አዲስ አበባ ላይ ልክ ነበርን፤ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ቅንጅት ወሰደ። ለአገሩ በይፋ የተነገረው ግን ከ547 ወንበር ለኢሕአዴግ 327 የሚል ሆነ። እንዴት ተቆጠረ፣ ማን ሰረቀ የሚለው እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል፤ በሰኔና በጥቅምት የወደቁት ልጆች ደግሞ ለክርክር አይመቹም። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ አደይ ጥያቄ ብቻ ነው። እኛ የቆጠርነው አደባባዩን ነበር። እሳቸው የጠየቁት አደባባይ ስላልመጣው ሰው ነው። የታክሲህን ዘዴ ከማን እንደወረስከው ለመረዳት ሃያ ዓመት ፈጀብኝ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ስዞር የቆየሁት ሆን ብዬ ነው፤ ታውቀኛለህ።

በ2020 ጥቅምት ላይ ትራምፕ ከኔታንያሁና ከሱዳን መሪዎች ጋር በስልክ እያወራ ግብፆች ግድባችንን ያፈነዱታል ብሎ ሲናገር፣ እዚህ ያለው አበሻ በአንድ ሌሊት ባይደን ሆነ። እኔማ የዊስኮንሲን ገበሬ ስለ ዓባይ ግድብ የተቆጣ ነው የመሰለኝ። አንድ ቅኝት እዚያው ዊስኮንሲን ባይደን በ17 ነጥብ ይመራል ሲል ጊዜ፣ ማክሰኞ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ያልቃል ብዬ በሁለተኛ ክትፎ ተወራረድኩህ። አንተ «ባይደን ያሸንፋል፤ ግን በጠባቡ ነው። ማክሰኞን እርሳው፤ ፔንሲልቬንያ የፖስታውን ድምፅ ከምርጫው ቀን በፊት መክፈት አትችልም፣ እስከ ቅዳሜ ትቆጥራለች» አልከኝ። ዊስኮንሲን በ20 ሺህ 682 ድምፅ አለቀች። ፔንሲልቬንያ ቅዳሜ ተነገረች። ቀኑን ሳይቀር!

ያ ማክሰኞ ግን ጥቅምት 24 ቀን 2013 ነበር። እዚህ ካርታው ቀይና ሰማያዊ እየሆነ ሲበራ፣ አገር ቤት ሌሊቱ ሳይነጋ ጦርነት መጀመሩ ተሰማ። ከዚያ የትግራይ ስልክ ተቆረጠ። እኔ ቴሌቪዥኑን አልዘጋሁም። አንድ ዓይኔ ፌስቡክ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ማሪኮፓ ካውንቲ ላይ ነበር። የአሪዞና ካውንቲ ስም በቃሌ ይዣለሁ፤ አደይ ጡረታ ወጥተው ዓዲግራት እህትህ ዘንድ እንደገቡ ግን ቅዳሜ ድረስ አልታወሰኝም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዜናው እንደወጣ ደወልኩልህ። «አሸነፍን!» ብዬ ጮህኩ። ዝም አልክ። «የአደይን ድምፅ ከሰማሁ አራት ቀኔ ነው» አልከኝ።

እኔም ተነበይኩ። «አይዞህ፣ ሁለት ሳምንት አይሞላም፤ ያልቃል። አታካብደው» አልኩህ።

«እሺ» ብለህ ዘጋኸው።

በክትፎ የተሸነፍኩትን ሁሉ ደምረህ የዚያችን ዓረፍተ ነገር ያህል አያሳፍረኝም። ሁለት ሳምንት ያልኩት ማንን ጠይቄ ነው? እንዲሆንልኝ የፈለግሁትን ነው የነገርኩህ፤ ለዚያውም ለአንተ። እዚያ ያለ ሰው ምን እንደሚል ሊነግረኝ የሚችል አንድ ሰው መስመሩ ላይ ይዤ፣ «ምን ሰማህ? ምን ትላለህ?» ሳልለው አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ እዚህ ሰው በሰልፍ ተለያየ፣ አንተ የምትወጣበት ሰልፍና እኔ የምወጣበት ሰልፍ የተለያየ ሆነ፤ እፍረቴን በቁጣ ሸፈንኩት፣ ለጊዜው ተመቸኝ። ሁለት ሳምንቴ ሁለት ዓመት ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም ቁጥርህን አውጥቼ ነበር። «አሁንም ባለቀ ጊዜ ደወለ» ትለኛለህ ብዬ ተውኩት።

ይቅርታህን በደብዳቤ ልለምን አልመጣሁም፤ እሱን ፊት ለፊት ነው የምጠይቅህ። ለጥር የቬጋስ ቲኬት አይቻለሁ፣ አልቆረጥኩትም። ሁለት ክትፎ አለብኝ፤ ለዘንድሮው አልተወራረድንም እንጂ ሦስት ይሆን ነበር። መምጣቴ የሚከብድህ ከሆነ አትሸፋፍንልኝ፣ ቀጥታ ጻፍልኝ።

አንድ ነገር ግን ከዚያ በፊት ልጠይቅህ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የአጋሜ ልጆች አሉ። ስለ አደይ እንዲነግሩኝ ስንቴ አጠገባቸው ቆሜ፣ ከሰው አፍ መስማቱን ፈርቼ ተመልሻለሁ። በልቤም አልገምትም፤ ግምቴን ታውቀዋለህ።

አደይ እንዴት ናቸው?

ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ያንተው ተሾመ